ደቡብ አፍሪካ አለ የተባለው ወንድም

ጉብሬ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ፍቅሩን ያውቀዋል። በስሙ የሚጠራው ግን የለም፤ «የህንዷ» ነው የሚሉት። ከዚያ በፊት «እሜቴ» ይሉት ነበር፤ ከእሜቴ በፊት የነበረው ስም እዚህ ባይጻፍ ይሻላል። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ወገቡ ለስለስ የሚል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ጣጣውን ሁሉ ያመጣችበት ይህች አፍ መሸፈን ናት። ወንድ ልጅ ሲስቅ ጥርሱን ማሳየት አለበት ብሎ የደነገገው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ጉብሬ ላይ ግን ከመንግሥት አዋጅ የበለጠ ይከበራል።

ሚስት የለውም። ለሴት ልቡ ደንግጦ አያውቅም። ለማን እንደደነገጠ ደግሞ ለማንም ተንፍሶ አያውቅም፤ ቢተነፍስ የሚጠብቀው እስር ቤት እንደሆነ፣ እስር ቤት ሳይደርስም ድንጋይ እንደሆነ ያውቃል። ለራሱም ቢሆን ስም አላወጣለትም። ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለዋል። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቱ ልጅና የእህቱ ወንድም ሆኖ በሰው ፊት መቆም።

የተወለደው ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቱ ሲሞት ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሸዋዬ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከቀብሩ ሁለት ወር ቆይታ ናዝሬትን ወለደች። ቤቱ ውስጥ አንዲት አራስ፣ አንዲት ጨቅላና አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ቀሩ። ጓሮው ደግሞ በደረሰ እንሰት ጢም ብሏል።

እንሰት መትከል የወንድ ነው፤ መፋቅ ግን የሴት ነው። ሴቶች ጓሮ ገብተው ቅጠሉን አንጥፈው መፋቅ ከጀመሩ ወንድ ወደዚያ አይጠጋም። ከብት እንኳ ቢጠፋበት በሌላ በኩል ዞሮ ነው የሚፈልገው። ሸዋዬ ግን ከወሊዱ በኋላ ወገቧ አልጠና አላት፤ የሚያግዛት ዘመድም ጠፋ። ስለዚህ አንድ ቀን የቀርከሃውን መፋቂያ ለልጇ ሰጠችውና «ማንም እንዳያይህ» አለችው። ልጁ ተዋጣለት። ግንዱን ሳንቃው ላይ አስደግፎ በተረከዙ ይዞ ሲፍቀው ቃጫውና ለስላሳው ያለ ልፋት ይለያይለት ነበር። አብኩቶ፣ ጉድጓድ ቀብሮ፣ ጊዜውን ጠብቆ ሲያወጣው ቆጮው ነጭ ነው፣ ጥርስ ላይ የሚቀር ነገር የለውም። አገና ገበያ ላይ ሴቶች «ሸዋዬ እጅሽ ይባረክ» እያሉ ይሻሙባት ነበር። እሷም ምስጋናውን ለራሷ ትቀበላለች። እሱ ቤት ሲነገረው ደስ ይለዋል፤ ሞኝ ነው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አጎቱ ገብረወልድ፣ የሟች አባቱ ታናሽ ወንድም፣ የጠፋች ጊደር ሲፈልግ በጓሮ አጥር በኩል ብቅ አለ። የወንድሙን ልጅ አሮጌ ነጠላ አገልድሞ፣ እስከ ክርኑ በእንሰት ውሃ ርሶ፣ እያንጎራጎረ ሲፍቅ አገኘው። ገብረወልድ ጮኸ። ጎረቤት ተሰበሰበ። በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠና «ይህን ማን አስተማረህ?» ተብሎ ተጠየቀ። ፍቅሩ እናቱን አየ። እናቱ መሬት መሬት አየች።

«እኔ እንጃ፣ ሲፈጥረው ነው» አለች።

ገብረወልድ በአለንጋ ገረፈው። ጠባሳው ጀርባው ላይ አለ፤ ግርፋቱን ግን ፍቅሩ አያነሳውም። የሚያነሳው «ሲፈጥረው ነው» የሚለውን ነው። እናቱ ልትዋሽ ብላ እውነቱን መናገሯ ዕድሜ ልኩን ገርሞታል።

ከዚያ ወልቂጤ ወጣ። ሻይ ቤት ዕቃ አጠበ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ገባ፣ ሽንኩርት ሲልጥ ኖረ። በየሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ቀን የሚቀልድበት፣ ሌላ ቀን ሱሪውን የሚጎትት ሰው አይጠፋም ነበር፤ ሲብስበት ሆቴል ይቀይራል። ያገኘውን ወደ ቸሃ ይልካል። ናዝሬት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለበሰችው እሱ የገዛውን ነው። ቡታጅራ ኮሌጅ ገብታ ነርስ የሆነችውም በእሱ ነው። የተመረቀች ቀን ግን «ሰው ይበዛል» ብላ አልጠራችውም። እሱም «እውነትሽን ነው፣ ሰው ይበዛል» አለ።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ነው ዶክተር ኡርሚላ ቤት የተቀጠረው። ዶክተር ኡርሚላ ህንዳዊት ናት፤ ጉብሬ አጠገብ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ታስተምራለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ ክትፎ አገር ተቀምጣ ሥጋ አትቀምስም። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፣ ግን የሚያስፈልገውን ይላል። ሳሎኗ ጥግ ላይ አንድ የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ላይ አማልክቷ ተደርድረዋል፤ ዘወትር ጠዋት አበባ ታኖርላቸዋለች። ፍቅሩ የጴንጤ ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት መጥረጊያውን ይዞ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ደጃፉ ላይ ይጸልይ ነበር። ሁሉን ጠርጎ ያቺን ጥግ ይዘላታል። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሰዎችም ይህን ሰምተው «ጣዖት ቤት እየሠራህ አትዘምርም» ብለው ከመዘምራኑ አስወጡት። ሰበብ ሲፈልጉለት የቆዩ ሰዎች ነበሩ፤ ህንዷ ገላገለቻቸው።

ከመዘምራን ከወጣ በኋላ ጥጓን የሚዘልበት ምክንያት አልታየውም። አንድ ቀን አቧራ ሲያራግፍ አንዱን ሥዕል አንስቶ ቀና አድርጎ አየውና እጁ ላይ ቀረ። ግማሽ ወንድ ግማሽ ሴት ነው። በቀኝ በኩል ጸጉሩን የቆለለ፣ የነብር ቆዳ ያገለደመ፣ አንገቱ ላይ እባብ የጠመጠመ ወንድ ነው። በግራ በኩል ጡት ያላት፣ ጉትቻ ያደረገች፣ ቀይ ሐር የለበሰች ሴት ናት። ከንፈሩ አንድ ነው፤ ፈገግታውም አንድ ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሺቫ ነው። ከሚስቱ ጋር።»

«ተጣብቀው ነው?»

«አልተጣበቁም። አንድ ናቸው። አምላክ ወንድ ብቻ ከሆነ ግማሽ ነው። ሴት ብቻ ከሆነም ግማሽ ነው። ሙሉው ይሄ ነው።»

ያን ቀን ፍቅሩ ሩዙን አሳረረው። ሥዕሉን ፈርቶ አይደለም። ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ የሆነ ነገር አበባ ሲቀርብለት ያየው በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላለቀም። ድስቱን ጥዶ ይመጣና ይጠይቃታል፤ እሷም የተማሪ ወረቀት እያረመች ትመልስለታለች። በአገሯ ዶሮ የምትጋልብ አንዲት እናት አምላክ እንዳለች ነገረችው። ወንድ ሆነው ተወልደው ወንድ መሆን ያልሆነላቸው ሰዎች የእሷ አገልጋዮች ይሆናሉ፣ ሴት ልብስ ይለብሳሉ፣ በማኅበር ይኖራሉ። ሠርግ ባለበትና ልጅ በተወለደበት ቤት ደጅ እያጨበጨቡ ይመጡና ሙሽራውን፣ ሕፃኑን ይመርቃሉ። ምርቃታቸው ይፈለጋል፤ እርግማናቸው ይፈራል። በድሮ መጻሕፍት ውስጥ ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ ተፈጥሮ አለ ተብሎ እንደተጻፈም ነገረችው።

«እንዴ! ታዲያ ይከበራሉ ማለት ነው?»

ዶክተር ኡርሚላ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች። «ፍቅሩ፣ እኛ አንድ አለቃ የለንም። አሥር ካህን ብትጠይቅ አሥር መልስ ነው። አንዱ ተፈጥሮ ነው ይላል፣ ነፍስ ወንድም ሴትም አይደለችም ይላል። ሌላው ነውር ነው ይላል፣ ካለፈው ሕይወት የመጣ ቅጣት ነው ይላል። ፍርድ ቤት ከጥቂት ዓመት በፊት ወንጀል አይደለም አለ። መታወቂያ ላይም ሦስተኛ ብለህ መጻፍ ትችላለህ። ግን ቤት ማንም አያከራያቸውም። ለሠርግ ይመጣሉ፣ ደጅ ቆመው ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ አምላኩን እንወዳለን። ሰውዬውን አንወድም።»

ፍቅሩ ከዚህ ሁሉ የሰማው ለሠርግ ይመጣሉ የሚለውን ብቻ ነው። ሰው የሚሰማው የራበውን ነው።

በዚያው ሰሞን እናቱ ሸዋዬ ከቸሃ ጉብሬ ድረስ መጣች። መጥታ አታውቅም ነበር። ደጁ ላይ ሲያያት «አዶት!» አለ በቸሃ አፍ፣ እናቴ ማለቱ ነው። ወንበር አወጣላት፣ እግሯን ላጥብሽ አለ። እሷ አልተቀመጠችም።

«ናዝሬት ልትዳር ነው» አለችው። «የወልቂጤ ሰው ነው፣ ሳሙኤል ይባላል። የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ልከው ነበር፣ እሺ ብለናል።»

«እልል! ታዲያ ለምን ሳትነግሩኝ?»

«ወንድም አላት ወይ ብለው ጠየቁ። ዘር ይጣራል፣ ታውቃለህ። አጎትህ ደቡብ አፍሪካ ነው ብሎ መለሰላቸው።»

ፍቅሩ «ደቡብ አፍሪካ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሱቅ አለህ አላቸው። መንገድ ስለማይመች ለሠርጉ አይደርስም ብለናል። አንተ ብትታይ ሠርጉ ይፈርሳል። ይሄ ነገር ደም ውስጥ አለ ይላሉ፣ ልጅ ሲወለድ ይወጣል ይላሉ። እህትህን የምትወዳት ከሆነ አትምጣ።»

ለመናት። እግሯ ላይ ወድቆ ለመናት። በፊት ለፊት አልመጣም፣ በጓሮ ልግባ፣ ከሴቶቹ ጋር ልሥራ፣ ማንም አያየኝም፣ ስትወጣ በአጥር ቀዳዳ ልያት አላት። ሸዋዬ ቆማ አሰበች። ያለ ምሕረት ነበር ያሰበችው፤ እጇ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፣ የሠርግ ቆጮ ደግሞ እንግዳ ፊት የሚቀርብ ነው፣ የእሷን ቆጮ አገር ሁሉ ሲያደንቅ ኖሯል። የሚሠራው ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

«ጓሮ ብቻ» አለችው። «ሰው ከጠየቀህ ከጉብሬ የመጣህ ቅጥረኛ ነህ።»

ፍቅሩ ጉልበቷን ሳመ። ቅጥረኛ መባሉ አልቆጠቆጠውም። ጭራሽ ደስ አለው፤ ምክንያቱም ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ጠንስሶ ነበር። አባት በሌለበት ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ራሷ ላይ እጁን ጭኖ የሚመርቃት ታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድሟ ነኝ ማለት ባይችል እንኳ ቅጥረኛ ሆኖ መመረቅ ይችላል። ህንድ አገር እንደሱ ያሉት በማያውቃቸው ሰው ደጅ ቆመው ይመርቁ የለ?

ይህን በኩራት ለዶክተር ኡርሚላ ነገራት። እሷ ሻዩን እንደያዘች ቀረች።

«አትሂድ» አለችው።

«ለምን? እርስዎ አይደሉም እንዴ የነገሩኝ?»

«ቁጭ በል። ያልነገርኩህ አለ።» ሻዩን አስቀመጠች። «ወንድም ነበረኝ፣ ራጁ የሚባል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ አባቴ አስወጣው፣ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ገባ። ሴት ልብስ ለበሰ። እኔ ሳገባ፣ በሠርጌ ቀን፣ ሰባት ሆነው እያጨበጨቡ መጡ። አንዷ ራጁ ነበረች። አባቴ እንደማያውቃት ሆነ። የባሌ እናት ‹ታውቂያታለሽ? ዓይኗ የአንቺን ይመስላል› አለችኝ። አላውቃትም አልኩ። ቀይ ሳሪ ለብሼ፣ እጄ በሂና አምሮ፣ አላውቃትም አልኩ። ራጁ ራሴ ላይ እጇን ጫነች። መረቀችኝ። ሩዝ ሰጠናት፣ ሄደች።»

«መረቀችዎት!» አለ ፍቅሩ፤ ዓይኑ በእንባ ሞላ።

«ፍቅሩ፣ አልሰማኸኝም። አላውቃትም ነው ያልኩት።»

«ግን እጇን ጫነች።»

«አዎ።»

«አሁን የት ናት?»

«አልጠየቅኩም» አለች ዶክተር ኡርሚላ። ሃያ ስድስት ዓመት አልጠየቀችም። ይህን ሁሉ የነገረችው ልታስቀረው ነበር፤ እሱ ግን ስንቅ አድርጎ ይዞት ሄደ። ከእንሰት ጓሮ በሴት ሥራ ተይዞ የተባረረ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምቶ ደስ የሚለው የለም።

ከሠርጉ በፊት አንድ ሳምንት ቸሃ ገባ። እናቱ ለጎረቤት ሁሉ አፋቸውን እንዲይዙ ነግራለች፤ መንደሩም ለናዝሬት ብሎ ያዘ። ጎረቤቶቹ በመተላለፊያው ሲያገኙት እንደ ባዳ «እንደምን ዋልክ» ብለውት ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ጨዋታው ጥሟቸው «ከየት ነህ ወንድም?» እያሉ ይስቁበታል። እሱ አፉን ሸፍኖ አብሯቸው ይስቃል። ከጉድጓድ ያወጣውን ቆጮ ጨመቀ፣ ከተፈ፣ ነፋ፣ ጋገረ። ቡላውን ለሙሽሮቹ ለብቻ አዘጋጀ። ናዝሬት አንድ ጊዜ ብቻ ጓሮ መጣች። ጸጉሯ ተሠርቷል፣ በጣም አምራለች። «ፊት ለፊት እንዳትወጣ፣ በሞቴ» አለችው። እሱም «በሞትሽ አልወጣም፤ ስትሄጂ ብቻ…» ሲል ጥላው ሄዳ ነበር።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከወልቂጤ አራት ሚኒባስ ሰው መጣ። የሙሽራው ወገኖች ቆጮውን በክትፎ ሲቀምሱ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። የሳሙኤል አክስት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ድምፅዋ ያለ ማይክ ዳሱን የሚያዳርስ ሴት ናት፣ ወልቂጤ ላይ ድግስ ያለ እሷ አይደገስም፤ «ይሄን ቆጮ የሠራችውን እጅ ልስም!» ብላ ተነሳች። ሸዋዬ «ተቀመጪ፣ እኛ ነን» አለች። ዘርፈሽዋል ግን ተቀመጪ ተብላ የምትቀመጥ አይደለችም። ጓሮ ገባች።

ተመልሳ ስትወጣ ፍቅሩን በእጁ እየጎተተች ነበር።

«ጉድ እዩ!» አለች። «ይሄን ያበሰለው ወንድ ነው! ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እሱ ቆጮ ይጋግራል! ኧረ ሂድ ወደ መሃል፣ ይዩህ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ፍቅሩ እጁ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ፣ ሽርጡን እንዳገለደመ መሃል ላይ ቆመ። ሳይታወቀው አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ሳቁ ባሰ። አንዱ ወጣት ተነስቶ አረማመዱን አስመስሎ አሳየ። ሌላው «ሙሽራው ተሳስቷል፣ ሙያ ያላት እዚህ ነች!» አለ። ሸዋዬ አልሳቀችም፤ ናዝሬት ግን ሳቀች። ሙሽራ ስለሆነች ሁሉም የሚያየው እሷን ነበር።

ያኔ የሙሽራው አባት፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ፍቅሩን አዩት፤ ቀጥለው ናዝሬትን አዩ።

«ይሄ ልጅ ከሙሽሪት ጋር ቁርጥ ነው» አሉ። «ቅንድቡን እዩት። የማን ልጅ ነው?»

ሳቁ ቆመ። የሙሽራው ወገን ሁሉ አንገቱን መዘዘ። ሳሙኤል ወደ ናዝሬት ዞረ፤ ናዝሬት የሠርግ አበባዋን ታየዋለች። ፍቅሩ እናቱን አየ።

«ከጉብሬ ያመጣነው ቅጥረኛ ነው» አለች ሸዋዬ። ድምፅዋ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ሽማግሌው ያንን ሰሙ።

«ቅጥረኛም ቢሆን ወገን አለው» አሉ። ጉራጌ አገር ሰው ሲጠየቅ በስሙ ብቻ አይለቀቅም። «አንተው ንገረን። አገርህ የት ነው? አባትህ ማን ይባላል? የአባትህ አባትስ? የማን ቤት ናችሁ?»

የፍቅሩ አባት ከዚያ ዳስ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከእንሰቱ ጥግ ተቀብሯል። ወንድም ነኝ ቢል ምን እንደሚመጣ አየ፤ አራቱ ሚኒባስ ተነስቶ ሲሄድ፣ እህቱ በነጭ ቀሚሷ ስትቀር አየ። አፉን ከሸፈነበት እጁን አወረደ።

«የአገና ነኝ» አለ። «አባቴ ደስታ ይባላል። የአባቴ አባት ወልደማርያም ነው።»

«እናትህስ?»

«ሞታለች።»

«ከዚህ ቤት ጋር ዝምድና የላችሁም?»

«የለንም። እንዲህ ያለ ቤት ዘመድ ቢኖረኝ ቅጥረኛ እሆን ነበር?»

አጎቱ ገብረወልድ ከተቀመጠበት ጉሮሮውን ጠረገ። «አውቃቸዋለሁ» አለ። «የአገናዎቹ ደስታዎች ናቸው። ዘራቸው እንዲሁ ነው፣ ወንዱ ሁሉ የሴት ሥራ ይወዳል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘርፈሽዋል «ያገር ሰው ይመሳሰላል፣ ምን አለበት! ጉርሻ ስጡት!» ብላ ጮኸች፤ ሳቁ ከቆመበት ቀጠለ። ፍቅሩን አጎረሱት። ሸዋዬ ቁጭ አለች።

መሄድ ይችል ነበር። ድኗል፣ እህቱንም አድኗል። ግን የመጣበትን አልረሳም። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲነሱ፣ ገብረወልድ በአባት ቦታ ቆሞ መርቆ ሲጨርስ፣ ፍቅሩ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ቅጥረኛም ብሆን ሙሽሪትን ልመርቃት?» አላቸው። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው። «ምርቃት ከማንም ይወሰዳል፣ መርቃት ልጄ» አሉት።

ፍቅሩ እጁን ዘረጋ። ከናዝሬት ራስ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር።

ናዝሬት ወደ ኋላ ሸሸች። «አይንካኝ» አለች ለሳሙኤል፣ እየሳቀች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እጁ ቆጮ ይሸታል፣ ቬሎዬን ያበላሽብኛል።»

ሚዜዎቹ ከጣሪያ በላይ ሳቁ። ሳሙኤል የፍቅሩን እጅ በቀስታ ገፋ አደረገው። ፍቅሩ «እውነቷን ነው» አለ፤ እጁን ወደ ኋላው ደብቆ ወደ ጓሮ ተመለሰ። መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲርቁ በአጥሩ ቀዳዳ ማየቱን ረሳ። ተቀምጦ እጁን በአመድና በሎሚ ያሽ ነበር።

ጉብሬ ሲመለስ ዶክተር ኡርሚላ አልጠየቀችውም። ፊቱን አየችና የራሷን ሳህን ራሷ አነሳች። በነጋታው ጥጓን ሲያጸዳ ያንን ሥዕል ዘለለው።

ውሸት ከተነገረ በኋላ መኖሪያ ይፈልጋል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቆጮውን አልረሳችውም። «ያንን የአገና ሰው አምጡልኝ» ብላ ጉብሬ ድረስ አስጠራችው። መጀመሪያ ለክርስትና፣ ቀጥሎ ለምርቃት፣ ቀጥሎ ለቀብር ቤት ንፍሮ ሳይቀር ትጠራዋለች። ትስቅበታለች፣ ታጎርሰዋለች። በእሷ ቤት ወሬ ፍቅሩ የሚባል የናዝሬት ወንድም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ አለው፤ ሸዋዬም አልፎ አልፎ «ደወለ፣ ደህና ነው» እያለች ታወራለታለች። ፍቅሩ ወጥ ቤት ሆኖ ይሰማል። አንድ ቀን ያ የደቡብ አፍሪካው ሰው ትዳር ይዟል ተባለ። ፍቅሩ ድስቱን እያማሰለ ማንን አግብቶ ይሆን ብሎ አሰበ።

ለምን እንደሚሄድ ዶክተር ኡርሚላ አንዴ ጠይቃዋለች። «እናቴን አያታለሁ» አላት። ሌላ ምክንያት የለውም። ሠርጉ ላይ በሽማግሌ ፊት ዘሩን ስለካደ ቸሃ መግባት ቀርቶበታል፤ ናዝሬት «ሰው ይጠይቃል» ብላ ላከችበት። ሸዋዬ የምትገኘው ዘርፈሽዋል ስትጠራት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ለመስቀል ዘርፈሽዋል ሁሉንም ወልቂጤ ጠራች። ሽማግሌው አሉ፣ ሳሙኤል አለ፣ ናዝሬት እርጉዝ ሆና ከትልቁ ወንበር ተደግፋለች። ሸዋዬ ከሴት አማቾች መሃል፣ ከክብር ቦታ ተቀምጣለች። አርጅታለች፣ ወፍራለችም። ፍቅሩ ማስታጠቢያውን ይዞ፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጥሎ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ደረሰላት። ቀና ብላ እንድታየው ጎንበስ አለ። የሚያያቸው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያወራው ስለሚወለደው ልጅ ነበር። ቢፈልጉ አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን መተያየት ይችሉ ነበር።

ሸዋዬ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች። ሁለት ዓመት ሲያስመስሉ ኖረዋል፤ እሷ ግን ማስመሰሉን ትታዋለች፤ ከምሯ ባዳ መሆን ጀምራለች። ውሃውን አፈሰሰላት። ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች፣ ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር የያዘችውን ወሬ ሳታቋርጥ። «ሂድ፣ ሞቅ አድርገህ አምጣ።»

ፍቅሩ «እሺ እመቤቴ» አለና ውሃውን ሊያሞቅ ሄደ።